ሻምበል አበበ ቢቂላ ከሩጫው በኋላ

አቅራቢ፦ ከሚኒ ሚዲያ ክበብ አባላት አንዷ፣ ከ7ኛ ለ

በታላላቅ ሰዎች አምድ ባለፈው እትም የእቴጌ ጣይቱን ታሪክ አንብባችኋል። በዚህ እትም ተራው የእኔ ነው። በክበባችን ስብሰባ ላይ ስሞች ተጽፈው፣ ወረቀቱ ተጠቅልሎ ዕጣ ሲወጣ ለእኔ ሻምበል አበበ ቢቂላ ደረሰኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አላለኝም። አንደኛ፣ የአበበን ታሪክ የማያውቅ ማን አለ? በባዶ እግሩ ሮጦ ሮም ላይ አሸነፈ፤ በቃ፣ ይህን አንደኛ ክፍል ያለ ልጅም ይነግራችኋል። ሁለተኛ፣ እኔ ከሩጫ ጋር ተጣልቼ ነበር።

የተጣላሁበትን ምክንያት አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። አምስተኛ ክፍል ሳለሁ በዱላ ቅብብል ለክፍላችን እሮጥ ነበር፤ የመጨረሻውን ዱላ የምቀበለው እኔ ነበርኩ። ስድስተኛ ክፍል፣ ጥር ላይ፣ ከጋሪ ወድቄ ቀኝ እግሬ ተሰበረ። መጀመሪያ ወጌሻ ዘንድ ተወሰድኩ፤ በቀርከሃ አጥብቀው አሰሩኝ፤ እግሬ አብጦ መጥቆር ሲጀምር ነው ሆስፒታል የሄድኩት። ጀሶው ሲፈታ ቀኙ እግሬ ከግራው ቀጥኖ አየሁት። እስካሁን አነክሳለሁ። በስፖርት ክፍለ ጊዜ ከዛፉ ሥር ተቀምጬ የጓደኞቼን ሹራብና ደብተር እጠብቃለሁ። ክፉ የተናገረኝ የለም፤ እንዲያውም ሁሉም ያጽናናኛል። ግን ስፖርት ሐሙስ ሐሙስ ስለሆነ፣ ሆዴን ቆረጠኝ እያልኩ ከትምህርት ቤት የቀረሁባቸው ሐሙሶች አሉ። እናቴም ይህን የምታውቀው ገና ከዚህ መጽሔት ነው። እማዬ፣ ይቅርታ።

ዕጣው እንዲቀየርልኝ የክበባችንን ተጠሪ መምህር ጠየቅኋቸው። እሳቸው ግን ከቤተ መጻሕፍት አንድ መጽሐፍ አውጥተው ሰጡኝና ከመጨረሻው ምዕራፍ ጀምሬ ወደ ኋላ እንዳነበው መከሩኝ። እንዳሉት አደረግሁ። ለዚህ ነው ዛሬ ሁላችሁም የምታውቁትን ቶሎ ቶሎ ብዬ አልፌ፣ እኔ የማላውቀውን የነበረውን ደግሞ ዘርዘር አድርጌ የምጽፍላችሁ።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር፦ ሻምበል አበበን አንቱ ማለት ይገባኝ ነበር። ነገር ግን አገሩ ሁሉ አበበ እያለ እንደ ወንድሙ ስለሚጠራው እኔም እንደዚያው እጽፋለሁ። መምህሮቼ፣ እንደ ድፍረት እንዳትቆጥሩብኝ።

ልጅነቱና ወታደርነቱ

አበበ ቢቂላ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ ጃቶ በምትባል መንደር ነው። የሚገርመው፣ በዚያው ዕለት አሜሪካ ውስጥ ሎስ አንጀለስ ላይ የኦሊምፒክ ማራቶን ይሮጥ ነበር። በልጅነቱ የገና ጨዋታ ይጫወት ነበር። የገና ጨዋታን አትናቁት! ሩሩን እየተከተሉ ሰፊ ሜዳ ለሜዳ መሮጥ እኮ ነው። አሰልጣኝም ሰዓትም ሳይኖር እግሩ የተማረው እዚያ ሜዳ ላይ ነው ማለት ይቻላል።

ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆነው ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክቡር ዘበኛ ወታደር ሆነ። ከሱሉልታ ተራሮች አዲስ አበባ እየሮጠ ይመላለስ ነበር። እዚያው ክቡር ዘበኛ ውስጥ ኦኒ ኒስካነን ከሚባሉ አሰልጣኝ ጋር ተገናኘ። ኒስካነን ፊንላንድ የተወለዱ ስዊድናዊ ሲሆኑ ወታደሮቹን ስፖርት የሚያሰለጥኑ ሰው ነበሩ። አበበን ዝም ብለው ሩጥ ብለው አልለቀቁትም። አሯሯጡን አጠኑ፤ ሰውነቱን ሳያወዛውዝ፣ ኃይሉን ሳያባክን እንዲሮጥ፣ ዳገቱንም ሜዳውንም ሰዓት እየተያዘለት እንዲለማመድ አደረጉት። እኔ ሰውነት ማጎልመሻ ማለት ኳስ ማባረር ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሰውነት እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ማወቅ ራሱ ትምህርት ነው።

ከሮም በፊት አዲስ አበባ ላይ በሮጠው ማራቶን 2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ገባ። ይህ ታዋቂው የቼኮዝሎቫኪያ ሯጭ ኤሚል ዛቶፔክ ሄልሲንኪ ላይ ካስመዘገበው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን የፈጠነ ነበር። ነገር ግን ውጭ አገር ማንም ልብ አላለውም።

ሮም

የሮሙን ውድድር ታውቁታላችሁ። ግን ቀኑን ልብ ብላችኋል? ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነበር። የአዲስ ዓመት ዋዜማ ማለት ነው! አገር ቤት ሰው ችቦ ሲያበራ፣ ሮም ላይ ደግሞ ማራቶኑ ወደ ማታ ስለተሮጠ የጣሊያን ወታደሮች በመንገዱ ዳርና ዳር ችቦ ይዘው ቆመው ነበር።

በባዶ እግሩ የሮጠው ጫማ አጥቶ አይደለም። የቀረበለት አዲስ ጫማ እግሩን ስለላጠው ትቶት ነው። በባዶ እግር መሮጥ ደግሞ ለምዶታል።

ከዚህ ውድድር እኔ የወደድኩት ሌላ ነገር አለ። አሰልጣኙ ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም እንዲጠነቀቅ ነግረውት ነበር፤ ቁጥሩ 26 ነው ተብሏል። አበበ ሲሮጥ ቁጥር 26ን ቢፈልግ ቢፈልግ አጣው። ከጎኑ እየሮጠ ያለው ሰው ቁጥር 185 ለብሷል። ለካ ራዲ ራሱ ኖሯል፤ ቁጥሩን ቀይሮ ነው! አበበ የሚፈራውን ሰው ሳያውቀው ጎን ለጎን ሮጠ ማለት ነው። እኔ ብሆን ያ ነው ብለው ቢነግሩኝ ጉልበቴ ይከዳኝ ነበር።

አበበና ኒስካነን መንገዱን ቀድመው እንዳዩት፣ ሮጦ ለማምለጥም የአክሱምን ሐውልት ምልክት አድርገው እንደያዙት ይነገራል። ሐውልቱ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከአገራችን ተወስዶ ሮም ቆሞ ነበር፤ የተመለሰልን በ1997 ዓ.ም. ነው። እዚያ አካባቢ አበበ ራዲን ጥሎት ሄደና በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ብቻውን ገባ፤ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። ራዲን የቀደመው በ25 ሰከንድ ብቻ ነበር። ሌላው ኢትዮጵያዊ አበበ ዋቅጅራም 7ኛ ወጣ። አበበ ቢቂላ ከጥቁር አፍሪካውያን የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ወርቅ ባለቤት ሆነ።

ረጅም መንገድን እንዲህ በሚታወቅ ምልክት ከፋፍሎ መሮጥ የአእምሮ ሥራ ነው። የስፖርት መምህራችን እንዳስረዱኝ፣ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትርን በአንዴ ያሰበ ሰው ይደክመዋል፤ እስከሚቀጥለው ዛፍ ብቻ ያሰበ ግን ይደርሳል። ይህቺን ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

ቶኪዮ

ከአራት ዓመት በኋላ፣ ለቶኪዮ ኦሊምፒክ አርባ ቀን ገደማ ሲቀረው፣ አበበ በልምምድ ላይ ሳለ በሕመም ወደቀ። ትርፍ አንጀት ነበር። መስከረም 6 ቀን 1957 ዓ.ም. ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ማራቶኑ ጥቅምት 11 ነው። አምስት ሳምንት ብቻ! ሰው ሁሉ ተስፋ ቆረጠ። እሱ ግን ቀስ ብሎ መራመድ፣ ከዚያ ሶምሶማ፣ ከዚያ ሩጫ እያለ ተመለሰ።

በዚህ ጊዜ ጫማ አድርጎ ሮጠ። 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገብቶ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ሁለተኛ የወጣውን እንግሊዛዊ ከአራት ደቂቃ በላይ ቀደመው። ኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በማሸነፍ በዓለም የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ስታዲየሙ በጭብጨባ ሲናወጥ እሱ ሳሩ ላይ ጋደም ብሎ እግሩን እያነሳ ሰውነቱን ማፍታታት ጀመረ። እኛ ሐሙስ ሐሙስ ከሩጫ በኋላ የምንዘለውን ማፍታቻ የዓለም ሻምፒዮን እዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት አልዘለለውም።

ሜክሲኮ

በሦስተኛው ኦሊምፒክ፣ ሜክሲኮ ላይ፣ ጥቅምት 1961 ዓ.ም.፣ አበበ እግሩን ታሞ ነበር የተሰለፈው። 17 ኪሎ ሜትር ሳይሞላው አቋርጦ ወጣ። ወርቁን ግን ሌላው ኢትዮጵያዊ ማሞ ወልዴ አመጣው። መቼም ቁጭ ብሎ ሌላው ሲሮጥ ማየት ምን እንደሚመስል እኔ አውቃለሁ። የጓደኛ ማሸነፍ ያስደስታል፤ ግን ሆድ ውስጥ የሆነ ነገር ይቀራል።

አደጋው

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ማታ አበበ የተሸለማትን ቮልስዋገን እየነዳ ሳለ መኪናዋ ተገለበጠች። እስከ ማግስቱ ጠዋት ድረስ ከውስጧ የሚያወጣው አላገኘም። ሲወጣ ከአንገቱ በታች መንቀሳቀስ አቅቶት ነበር።

ለምን እንደሆነ በሳይንስ መጽሐፋችን ካለው ላስረዳችሁ። በአከርካሪ አጥንታችን ውስጥ ህብለ ሰረሰር የሚባል አለ። ከአንጎል የሚመጣውን ትእዛዝ ወደ እጅና እግር ያደርሳል። እንደ መብራት ሽቦ አስቡት፦ ቆጣሪው ደህና ነው፣ አምፖሉም ደህና ነው፣ መሃል ላይ ሽቦው ከተበጠሰ ግን አይበራም። የአበበ እግር ጡንቻ እዚያው ነው፤ ሮምን የሮጠው እግር ነው። ትእዛዙ ግን አይደርሰውም። የተቆረጠ ህብለ ሰረሰር ደግሞ እንደ ተሰበረ አጥንት ተመልሶ አይጋጠምም።

በዓለም በእግሩ የታወቀ ሰው እግሩን አጣ። ገና 36 ዓመቱ ነበር። እዚህ ምዕራፍ ላይ ስደርስ መጽሐፉን ዘጋሁት። የከፈትኩት በሁለተኛው ቀን ነው።

ስቶክ ማንዴቪል

አበበ አደጋው በደረሰበት በሳምንቱ ወደ እንግሊዝ አገር፣ ስቶክ ማንዴቪል ወደሚባል ሆስፒታል ተወሰደ። ስምንት ወር ያህል እዚያ ተኛ። የእንግሊዝ ንግሥት ኤልሳቤጥ ሳይቀሩ ሄደው ጠይቀውታል። ለምን እዚያ ተወሰደ? ይህን ለመረዳት ስለ አንድ ሐኪም ማወቅ አለባችሁ።

ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን ይባላሉ። በጀርመን የታወቁ የነርቭ ሐኪም ነበሩ። ይሁዲ በመሆናቸው ናዚዎች ከሥራቸው አባረሯቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1939 ወደ እንግሊዝ ተሰደዱ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ በ1944፣ አከርካሪያቸውን ለተመቱ ወታደሮች በስቶክ ማንዴቪል አንድ የሕክምና ክፍል እንዲከፍቱ ተጠየቁ።

በዚያን ዘመን አከርካሪው የተጎዳ ሰው አልጋ ላይ ተጋድሞ ሞቱን የሚጠብቅ ሰው ነበር። የሚገድለው ግን አከርካሪው ራሱ አልነበረም። ሰውነቱ ስለማይሰማው አንድ ጎን ተኝቶ ይውላል፤ ቆዳው ይቆስላል፤ ቁስሉ ያመረቅዛል፤ የሽንት ቧንቧው ይታመማል፤ መርዙ ወደ ደም ይገባል። ጉትማን መጀመሪያ ያደረጉት ቀላል የሚመስል ነገር ነው፦ በሽተኞቹ በየሁለት ሰዓቱ እንዲገላበጡ አዘዙ፤ ሌሊትም ጭምር። ብዙዎች ከሞት ተረፉ።

ግን መትረፍ ብቻውን ምን ያደርጋል? ወጣቶቹ ወታደሮች ሲተርፉ ሲተርፉ ግድግዳ ማየት ሆነ ሥራቸው። ጉትማን ስፖርትን እንደ መድኃኒት ማዘዝ ጀመሩ። ለጨዋታ ብቻ አይደለም! እግሩ የማይሠራ ሰው የእግሩን ሥራ ለእጁ መስጠት አለበት። ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር ራሱን የሚያነሳው በክንዱ ነው፤ ወንበሩን የሚገፋው በትከሻው ነው። ስለዚህ ቀስት ሰጧቸው። ቀስት መሳብ ትከሻን፣ ክንድንና ጀርባን ያጠነክራል፤ ተቀምጦ ሳይወድቁ ሚዛን መጠበቅንም ያስተምራል። ደግሞም ቀስት ላይ በእግሩ የቆመና በወንበር የተቀመጠ እኩል መወዳደር ይችላሉ። ዒላማው ማን እንደወረወረ አይጠይቅም።

ሌላውም ጥቅሙ ለልብ ነው። ትናንት ከዒላማው ሦስት ጊዜ የሳተ ሰው ዛሬ ሁለት ጊዜ ከሳተ፣ ነገን የሚጠብቅበት ምክንያት አገኘ ማለት ነው። የሮሙን ምልክት ታስታውሳላችሁ? እስከሚቀጥለው ዛፍ ብቻ! ያንኑ እኮ ነው።

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 29 ቀን 1948 ለንደን ላይ ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት፣ ጉትማን በሆስፒታሉ ሜዳ 16 ሕሙማንን በቀስት አወዳደሩ፤ ከእነሱ ሁለቱ ሴቶች ነበሩ። ውድድሩ በየዓመቱ እያደገ ሄደ። በ1960 ደግሞ ከሆስፒታሉ ወጥቶ ሌላ አገር ተደረገ። የት መሰላችሁ? ሮም! አበበ በባዶ እግሩ ሮጦ ካሸነፈ ከስምንት ቀን በኋላ፣ መስከረም 8 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ በዚያችው ከተማ 400 ገደማ አካል ጉዳተኛ ስፖርተኞች ተሰልፈው ገቡ። ዛሬ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ የሚባለው እሱ ነው። አበበ ያን ጊዜ ስለ እነዚያ ሰዎች የሚያስብበት ምክንያት አልነበረውም። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ከእነሱ አንዱ እንደሚሆን ማን ያውቃል?

እንደገና መጀመር

አበበ ስቶክ ማንዴቪል ሲደርስ እጁንም ማዘዝ አይችልም ነበር። በሕክምናና በልምምድ ብዛት የእጆቹ ኃይል ተመለሰ። እግሩ ግን አልተመለሰም። ይህን ሳልደብቅ መጻፍ አለብኝ፤ ምክንያቱም አንዳንድ ሰው ሲያጽናና ሁሉም ነገር እንደ ድሮው ይሆናል ይላል። ለአበበ እንደ ድሮው አልሆነም። ሌላ ነገር ሆነ።

ቀስት ማስፈንጠር ተማረ። ጠረጴዛ ቴኒስም ተማረ። አስቡት፤ የዓለም ሻምፒዮን የነበረ ሰው እንደ ጀማሪ ከሀ ሁ ጀመረ። በሐምሌ 1962 ዓ.ም. በስቶክ ማንዴቪል ጨዋታዎች በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በ1963 ዓ.ም. ሚያዝያ ደግሞ ኖርዌይ ውስጥ በተደረገ የአካል ጉዳተኞች ውድድር ላይ በእንግድነት ተጋበዘ። እንግዳ ሆኖ ቁጭ ብሎ ማየት ይችል ነበር። እሱ ግን ቀስቱንም ቴኒሱንም ተወዳደረ፤ ይባስ ብሎ በረዶ ላይ በሚንሸራተት ጋሪ ውድድር ገባና አንደኛ ወጣ! በረዶ ምድሩን ለወራት በማይሸፍንበት አገር ያደገ ልጅ በረዶ አገር ሄዶ ባለአገሮቹን ቀደመ።

በ1964 ዓ.ም. ሙኒክ ኦሊምፒክ ላይ የክብር እንግዳ ሆኖ በተሽከርካሪ ወንበሩ ስታዲየም ሲገባ ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበለት። ማራቶኑን ያሸነፈው አሜሪካዊ ፍራንክ ሾርተር ሜዳሊያውን ከተቀበለ በኋላ ሄዶ ጨበጠው።

አበበ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በአንጎል ደም መፍሰስ ምክንያት አረፈ፤ 41 ዓመቱ ነበር። ሚስቱን ወይዘሮ የውብዳር ወልደ ጊዮርጊስንና አራት ልጆቹን ትቶ ሄደ። በአዲስ አበባ ቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን በወታደራዊ ክብር ሲቀበር ብዙ ሺህ ሕዝብ ሸኘው፤ ብሔራዊ የሐዘን ቀንም ታወጀ። አዲስ አበባ ውስጥ በስሙ የተሰየመ ስታዲየም አለ።

እሱ ካረፈ ብዙ ዓመት በኋላ ደግሞ፣ በዚያችው በቶኪዮ፣ ማየት የተቸገረችው ሯጭ ትዕግስት ገዛኸኝ በ1,500 ሜትር ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ አመጣች። ነገሩ በ2013 ዓ.ም. ስለሆነ ሩቅ አይደለም።

እኔስ?

መጽሐፉን ስጨርስ አልጋ ሥር የጣልኩትን ወረቀት ፈልጌ አወጣሁ። ጀሶው የተፈታ ጊዜ የሆስፒታሉ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የሰጡኝ ነው። በቤት ውስጥ የሚሠራ እንቅስቃሴ ተጽፎበታል፦ ከጉልበት ሥር ፎጣ ጠቅልሎ ወደ ታች መጫንና እስከ አምስት መቁጠር፤ ግድግዳ ይዞ ተረከዝን ማንሳት፤ በታመመው እግር ብቻ መቆም። ሁለት ሳምንት ሠርቼው ለውጥ ስላላየሁ ትቼው ነበር። አበበ ስምንት ወር ሆስፒታል ተኝቷል፤ እኔ በሁለት ሳምንት ሰለቸኝ። አፈርኩ።

ጡንቻ የማይሠራበት ከሆነ ይሟሽሻል፤ የእኔም እግር የቀጠነው በጀሶ ውስጥ ሥራ ፈትቶ ስለቆየ ነው። በልብስ ስፌት ሜትር ሁለቱን ጭኖቼን ለካሁ፤ ቀኙ ከግራው በ3 ሳንቲ ሜትር ይቀጥናል። በየቀኑ ጠዋትና ማታ መሥራት ጀመርኩ፤ ሲቀለኝ ካልሲ ውስጥ አሸዋ ሞልቼ ቁርጭምጭሚቴ ላይ አሰርኩ። ይህን ጽሑፍ ሳስረክብ አሥረኛ ሳምንቴ ነው። ልዩነቱ 2 ሳንቲ ሜትር ሆኗል። አንዲት ሳንቲ ሜትር ምን አላት እንዳትሉኝ! እኔ እስከሚቀጥለው ዛፍ ነው የምሮጠው።

ከዚያ ደፍሬ የስፖርት መምህራችንን አነጋገርኳቸው። እሳቸው ደግሞ ማረፍ የምፈልግ መስሏቸው፣ እንዳላስቸግረኝ ብለው ዝም እንዳሉ ነገሩኝ። እኔም ዝም፣ እሳቸውም ዝም፤ በመሃል አንድ ዓመት አለፈ። በሚቀጥለው ሐሙስ ከክፍል ወንበር ወጣ፤ በአሸዋ የተሞላ የጨርቅ ኳስ ተዘጋጀ፤ በኖራ መስመር ተሰመረ። ሕጉ ቀላል ነው፦ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ መቀመጫን ሳያነሱ መወርወር። የመጀመሪያው ውርወራዬ 3 ሜትር ከ40 ሆነ። ሌሎቹም እንሞክር ብለው ተሰለፉ። ስም አልጠራም እንጂ የክፍላችን ፈጣን ሯጭ ከእኔ በታች ወረወረ! ሳቅን። ያን ቀን የማንም ሹራብ አልጠበቅሁም፤ ሹራቡ ዛፉ ላይ ተሰቅሎ ዋለ።

አሁን ከዛፉ ሥር ይቀመጡ የነበሩ አምስት ተማሪዎች ከተለያየ ክፍል ሐሙስ ሐሙስ እንገናኛለን። አንዱ በክራንች ነው የሚሄደው፤ ክንዱን ብታዩት! ከሁላችንም ርቆ የሚወረውረው እሱ ነው።

በመጨረሻ አንድ ልመና አለኝ። ውድ መምህራን፣ ግንቦት ላይ በሚደረገው የትምህርት ቤታችን የስፖርት ቀን ከሩጫው፣ ከገመድ ጉተታውና ከመረብ ኳሱ ቀጥሎ ተቀምጦ የሚወረወር ኳስም በዝርዝሩ ውስጥ ይግባልን። ወንበሩን እኛው እናወጣለን፣ መስመሩንም እኛው እናሰምራለን። ውድ ተማሪዎች፣ እናንተም ከዛፍ ሥር የተቀመጠ ልጅ ስታዩ ሹራባችሁን ከመስጠታችሁ በፊት መጫወት ይፈልግ እንደሆነ ጠይቁት።

የአንባቢዎች ጥያቄ

1ኛ. ሻምበል አበበ ሮም ላይ ሲሮጥ ቁጥር 26ን ለምን አጣው?
2ኛ. ቶኪዮ ላይ ከመሮጡ ከስንት ሳምንት በፊት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት?
3ኛ. ዶክተር ጉትማን ለሕሙማኑ ቀስት የሰጡት ለምን ነበር?

መልሱን በወረቀት ጽፋችሁ፣ ስማችሁንና ክፍላችሁን ጨምራችሁ በሚኒ ሚዲያው ሣጥን ውስጥ ክተቱ። ሦስቱንም ቀድሞ ለመለሰ አንድ እስክሪብቶ ይሸለማል። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ደህና ሰንብቱ።